ከአሰብ ወደብ እስከ ላስታ ደጋ፦ የሞተር ዘይት ውፍረት በአንድ መንገድ ታሪክ

የላስታ ገበሬ አገሩን በአንድ ስም አይጠራም። ከተከዜ ሸለቆ ተነሥቶ እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ድረስ ያለውን መሬት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ ይከፍለዋል፤ በየክፍሉም የሚዘራው ዘርና የሚለበሰው ልብስ ይለያያል። በምሥራቅ በኩል ያለው የአፋር በረሃ ሲጨመርበት ክፍሉ አምስት ይሆናል። የውጭ አገር ፋብሪካዎች ለናፍጣ የጭነት መኪና በሚያዘጋጁት የመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን የዘይቱ ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ብቻ ነበረው፤ ይኸውም አንዱ ለብርድ ወራት፣ አንዱ ለሙቀት ወራት ወይም ለሞቃት አገር የሚል ነው። ይህ አከፋፈል በረዶና ሙቀት በየስድስት ወሩ ለሚፈራረቁበት አገር የሚስማማ ነው። በዚያ አገር ሹፌሩ ብርዱ ሲገባ ቀጭን ዘይት፣ ሙቀቱ ሲመጣ ወፍራም ዘይት ያስሞላል። በኢትዮጵያ ግን ብርዱና ሙቀቱ የሚፈራረቁት በወራት ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ጠረፍ እህል ጭኖ ወደ ላስታ የሚወጣ መኪና በሁለት ወይም በሦስት ቀን ጉዞ ከበረሃ ተነሥቶ ውርጭ አፋፍ ላይ ይደርሳል። በኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ግን ያው ከታች የተሞላው ነው።

በዚህ መንገድ ላይ መኪና የታየው ዘግይቶ ነው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማይጨው ጦርነት በኋላ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ ሲመለሱ በላስታ አልፈው ላሊበላን የተሳለሙት በበቅሎ ነበር። በዚያው ወር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው የማርሻል ባዶልዮ ሠራዊት ግን ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ጠቅላይ ግዛት የበቅሎና የሞተር ዘመን እንዲህ ጎን ለጎን ታዩ። ጠላት በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ከአሰብም ወደ ደሴ የሚወስዱትን መንገዶች ሠራ፤ በጣርማ በርም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን በዋሻ በሳ። መንገዱ የተሠራው ለግዛት ማስፋፊያና ለጦር እንጂ ለላስታ ገበሬ ታስቦ አልነበረም፤ ላስታም ከዋናው መንገድ በስተ ምዕራብ፣ ከገደሉ በላይ እንደተገለለ ቀረ።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የተሰማሩት ከባድ መኪናዎች ከመጀመሪያዎቹ የጣሊያን የናፍጣ መኪናዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ፊያት ፋብሪካ 634 የተባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ሲሆን በአገራችን ትሬንታ ኳትሮ በሚል ስም ታወቀ። ላንቻ ደግሞ ሮ የተባለውን መኪና ከጀርመኑ ዩንከርስ በተገኘ ፈቃድ በተሠራ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አቆመ። የዚያ ዘመን የሞተር ዘይት ከድፍድፍ የተጣራ እንጂ ዛሬ እንደምናውቀው ብዙ ቅመም የተጨመረበት አልነበረም። ለናፍጣ ሞተር ተብሎ አጣቢ ቅመም የገባበት ዘይት በአሜሪካ ለገበያ መውጣት የጀመረው በዚያው በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። ስለዚህ በእነዚያ መኪናዎች ከዘይቱ ጥራት ይልቅ ውፍረቱ ዋና ጉዳይ ነበር።

ስለ ውፍረት ቁጥሮቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በጋራዥ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ቁጥሩን የጥራት ማዕረግ አድርጎ የሚወስድ ሞልቷልና። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤስ.ኤ.ኢ.፣ ዘይትን በውፍረት መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ዘይቱ በሞቀ ጊዜ ምን ያህል እየተጎተተ እንደሚፈስ ብቻ ነው። በዛሬው ምደባ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ቁጥር 30 ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክስ፣ ቁጥር 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ ቁጥር 50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ እንደሚወፍር ማንም ያውቃል፤ ሁሉም ዘይት ግን በእኩል መጠን አይወፍርም። ይህን ልዩነት የሚለካው የዝልግልግነት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ቀረበ፤ በእርሱም የፔንሲልቫኒያ ዘይት 100፣ የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ዘይት ዜሮ ተብሎ ተወሰደ። ኋላም በብርድ የተፈተነውን ዘይት ለመለየት ደብልዩ የተባለችው ፊደል በቁጥሩ አጠገብ ገባች። ትርጓሜዋ የበረዶ ወራት ማለት ነው። በረዶ የማያውቅ ሹፌር ይህች ፊደል እርሱን እንደማትመለከተው ቢያስብ አይፈረድበትም።

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹ ሲጠገኑ የአሰብ መንገድ የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ፊያት 682፣ በተለይም ኤንትሬ ተብሎ የሚጠራው ተከታዩ፣ ከነተሳቢው ይህን መንገድ ለብዙ ዓመታት ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ናፍጣው ከዚያው ከወደቡ ይቀዳ ጀመር፤ የሞተር ዘይት ግን ከውጭ በበርሜልና በጣሳ መግባቱን ቀጠለ። መካኒኮቹ ከጣሊያን ጋራዦች የወረሱት ሙያ ከነቃላቱ ነበር። ኮፓ፣ ብሮንዚን፣ ፋሻ፣ ኮሎ፣ ሞተሪኖ፣ ፊልትሮ የሚሉት ቃላት አማርኛ ሆነው ቀሩ። ስለ ዘይት ሲሆን ግን ወፍራምና ቀጭን የሚሉት የአገር ቃላት በቂ ሆነው ቆዩ። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ በአማርኛ ወፍራም ሲባል ጠንካራና ጉልበት ያለው ማለትም ይመስላልና።

በዚህ መንገድ ላይ ቁጥር 40 የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። አሰብ በበጋው ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል። መኪናው ከዚያ ተነሥቶ በኤሊዳር፣ በሰርዶና በሚሌ በኩል በረሃውን ካቋረጠ በኋላ 500 ሜትር ከማይሞላው ከሚሌ ዝቅታ ተነሥቶ በባቲ በኩል 1,850 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ በዝቅተኛ ማርሽ ሰዓታት ሲወጣ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ መኪናው ግን ቀስ ስለሚል የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ትንሽ ነው፤ ከኋላ የሚነፍስ የበረሃ ነፋስ ሲኖር ደግሞ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ በኮፓው ያለው ዘይት ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ቀጭን ዘይት ከሆነም በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል ያለው ስስ ሽፋን ተቀድዶ ብረት ከብረት ይገናኛል። ስለዚህ በባቲ ዳገት ብሮንዚን ያቃጠለ ሰው ቀጭን ዘይትን ዳግመኛ አያምንም። የበረሃው ፍርድ ለበረሃው ትክክል ነበር። ስሕተቱ ፍርዱን ለመንገዱ ሁሉ ማድረግ ነው።

ከወልድያ በስተ ምዕራብ መንገዱ በድልብ በኩል ገደሉን ይወጣል። ይህን ከወልድያ እስከ ወረታ የሚደርሰውን መንገድ የቻይና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት መሥራት ጀምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስለፈጸሙት ሕዝቡ የቻይና መንገድ ይለዋል። ከእርሱ በፊት ወደ ላሊበላ የሚወስደው የበጋ መንገድ ብቻ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ከተማይቱ ለመኪና ትዘጋ ነበር። መንገዱ ጋሸና ሲደርስ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚያ ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለችው ላሊበላ ይወርዳል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ሰማይ በጠራበት ሌሊት ደግሞ መሬቱ ሙቀቱን ለቅቆ ይበልጥ ይበርዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በደጋው ገብስ ላይ ውርጭ የሚያርፈው በዚህ ምክንያት ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚለው ብሂል የሚሠራው ለሰው ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ትናንት በረሃውን በቁጥር 40 የተሻገረው ሞተር በጋሸና ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ንጋት ላይ ዘይቱ አምስት ዲግሪ ቢሆን፣ በ100 ዲግሪ ከነበረው ውፍረት ከ100 እጥፍ በላይ ወፍሮ ይገኛል። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ይህን ሙጫ መሰል ነገር መቀደድ አለበት፤ ባትሪውም በብርዱ ኃይሉ ቀንሷል። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው አየርን በማመቅ ስለሆነ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የታመቀው አየር በፋሻው በኩል ያመልጣል፣ ሙቀቱም ለቀዘቀዘው ብረት ይሰጣል፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥል ሙቀት ሳይደርስ ይቀራል። ያልነደደው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ኮፓ ይወርዳል። ሹፌሮች መኪናቸውን ቁልቁለት ላይ ማሳደር የሚወዱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ቁልቁል እየተንደረደረ የተነሣ ሞተር ግን ዘይቱ ገና ሳይደርሰው በጉልበት የተገደደ ሞተር ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። የዘይት ግፊት መለኪያው ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሹፌሩም ግፊቱ ጥሩ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ግፊት ግን ፍሰት አይደለም። መለኪያው ከፍ ያለው ዘይቱ አልፈስ ስላለ ነው። ዘይቱ በፊልትሮው ማለፍ ሲያቅተው የፊልትሮው ማሳለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ያልተጣራ ዘይት በቀጥታ ወደ ብሮንዚኖቹ ይሄዳል፤ ከላይ ያሉት የቫልቭ ክንዶች ግን ገና ደረቅ ናቸው። ይህ ሁሉ ድምፅ የለውም። በባቲ ዳገት የተቃጠለ ብሮንዚን በዚያው ቀን ይጮኻል፤ በጋሸና ንጋት የተፋቀ ብሮንዚን ግን ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም እንደገና ባቲ ዳገት ላይ፣ ይጮኻል። ጥፋቱም በሙቀቱ ላይ ይላከካል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ወፍራም ዘይት ይሞላል። የወፍራም ዘይት እምነት ለረጅም ጊዜ ያልተነቀነቀው እንዲህ ያለ ዙር ስለነበረው ይመስላል።

ደጋው ሌላም ጠባይ አለው። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል። ኤንትሬን የመሰለ አየርን በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተር ፖምፓው ለጠረፍ አየር እንደተስተካከለ ወደ ድልብ ሲወጣ ናፍጣው ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጥላሸቱም በፋሻው አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ጥላሸት ዘይትን ያወፍራል፤ በንጋት የወረደው ናፍጣ ደግሞ ያቀጥናል። ሁለቱ ሲጋጩ ጣሳው ላይ የተጻፈው ቁጥር በኮፓው ውስጥ የለም ማለት ነው። ከዚህ በላይ ውሃ በዚያ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ደጋ ነውና አይሞቅም የተባለው ሞተር ከበረሃው በቀለለ ሁኔታ ራዲያተሩን ሊያፈላ ይችላል። ደጋ ማለት ለሞተር ብርድ ብቻ ማለት አይደለም።

ይህ ጉዳይ ከጋራዥ ወሬ አልፎ የሰው ሕይወት የሚመዘንበት የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ረሃብ ከተጎዱት አገሮች ግንባር ቀደሞቹ ላስታ፣ ዋግና ራያ ነበሩ። በቆረም ሜዳ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከረሃቡ ጋር የሌሊቱ ብርድ ይገድለው ነበር፤ ወደዚያ የሚያወጣውን የግራ ካሱ ዳገት የወጡት መኪናዎችም ያደሩት በዚያው ብርድ ነው። እህሉ በአሰብ ወደብ ይከማች ነበር፤ የጎደለው ማጓጓዣ ነው። በመንገድ እጦት ከተቆረጡ የደጋ ቀበሌዎች አንዳንዶቹ እህል ያገኙት የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አውሮፕላኖች ከሰማይ ሲጥሉላቸው ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ግራም እህል ቢታደለው፣ 200 ኩንታል የጫነ አንድ መኪና ከነተሳቢው ከ1,300 ለሚበልጡ ሰዎች የአንድ ወር ቀለብ ነው። ንጋት ላይ አልነሣም ያለ ሞተር ማለት ይህ ሁሉ ሰው ማለት ነበር።

መኪናዎቹም ከየአገሩ መጡ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የራሱ መኪናዎች ነበሩት፤ ሶቪየት ኅብረት 300 ያህል ላከች፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ የራሱን የማጓጓዣ ክፍል አቋቋመ። ከጣሊያን፣ ከጀርመን፣ ከስዊድን የተሠሩት በአንድ ግቢ ቆሙ፤ እያንዳንዱም የራሱ የመመሪያ መጽሐፍ ነበረው። እዚህ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛን ሊያሳስት የሚችል አንድ ነገር ነበር። በሶቪየት ምደባ በናፍጣ ሞተር ዘይት ጣሳ ላይ ከኤም ፊደል ቀጥሎ የሚጻፈው 8 ወይም 10 የሚለው ቁጥር በ100 ዲግሪ የሚለካውን ሴንቲስቶክስ በቀጥታ ይናገራል፤ 8 ለብርድ ወራት፣ 10 ለሙቀት ወራት ነው። ይህ 10 በኤስ.ኤ.ኢ. ምደባ ከቁጥር 30 ጋር ይቀራረባል። በአንዱ ቋንቋ የበጋ ዘይት የሆነው በሌላው ቋንቋ የበረዶ ዘይት መስሎ ሊነበብ ይችላል። ቁጥርን ብቻ አይቶ መሙላት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

መፍትሔው በመሠረቱ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በብርድ እንደ ቀጭን፣ በሙቀት እንደ ወፍራም የሚሆነው ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቤት መኪና ይሠራበት ነበር። ለከባድ የናፍጣ ሞተር ግን ዘግይቶ ነው የተለመደው፤ ሙቀት ሲጨምር ዘይቱን እንዳይቀጥን የሚደግፉት ረጃጅም ሞለኪውሎች በጥርሶችና በብሮንዚኖች መካከል እየተቆራረጡ በጥቂት ጊዜ ኃይላቸውን ያጡ ስለነበር ባለ ጭነት መኪናዎች አላመኑትም ነበር። የሚጸኑ ድጋፎች ከተገኙ በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ 15ደብልዩ-40 በዓለም ላይ የከባድ መኪና ዋና ዘይት ሆነ። ይህ ዘይት በአምስት ዲግሪ ሲለካ ከነጠላው ቁጥር 40 ውፍረት ግማሽ ያህሉን ብቻ ይወፍራል፤ በ100 ዲግሪ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ስለዚህ ለባቲ የሚፈለገውን ሳያጎድል ለጋሸና የሚፈለገውን ይሰጣል። በላስታ ብርድ ከዚህ የቀጠነ ዘይት መፈለግ አስፈላጊ አይመስልም፤ 15ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ነው፤ የላስታ ንጋትም ያን ያህል አይጨክንም።

ቢሆንም አዲሱ ዘይት በአንድ ጊዜ ተቀባይነት ማግኘት አልቻለም። አጣቢ ቅመም ያለበት ዘይት ጥላሸቱን በውስጡ ይዞ ስለሚዞር ቶሎ ይጠቁራል፤ መጥቆሩም ሥራውን መሥራቱን ሳይሆን መበላሸቱን የሚያሳይ መስሎ ይታይ ነበር። ሌላው ምክንያት የሞተሩ እርጅና ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ባለ መኪናው ፋሻ ከማስለወጥ ይልቅ ቁጥር 50 ማስሞላቱ ይረክስበታል። ይህ ድህነት እንጂ አለማወቅ ብቻ ስላልሆነ በመካኒኩ ላይ መፍረድ አይገባም። ግን ያ ሞተር ለበረሃው ጥቂት ወራት ሲገዛ ለደጋው ንጋት ይበልጥ እየከፈለ ነው።

ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የአሰብ በር ተዘግቶ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአሰብ ማጣሪያም ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቁሟል። መኪናው ዛሬ በጋላፊ በኩል ይገባል እንጂ ከሚሌ ወዲህ ዳገቱ ያው የጥንቱ ነው። የተለወጠው ሞተሩ ነው። ዛሬ የሚበዙት ሞተሮች አየርን በተርቦ የሚያስገድዱ ስለሆኑ የድልብ ስስ አየር እንደ ኤንትሬ አያስጨንቃቸውም። ነገር ግን ተርቦው በደቂቃ ብዙ አሥር ሺህ ጊዜ የሚዞረው በዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፎ ነው። በጋሸና ንጋት ዘይቱ እስኪደርሰው ድረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ነዳጅ ርግጫ መጠበቅን ይፈልጋል፤ ከዳገቱ ጫፍ ላይ ጋለው ሲቆሙም ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ጥቂት ማዞር ያሻል፤ አለዚያ በውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። አሮጌው ሞተር በዝግታ ይቀጣ ነበር፤ አዲሱ ግን ወራት አይጠብቅም። በጉዞ መዝገብ ላይ የተጓዘው ኪሎ ሜትር ሲመዘገብ መኪናው ያደረበት ስፍራና የንጋቱ ብርድም ቢጻፍ፣ ዘይቱ የሚለወጥበትን ቀን ከኪሎ ሜትሩ በተሻለ ሁኔታ ይነግራል።